ሳምንታዊ የቤት ሥራ ስንሰጥና ስናርም የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ አስተምራለሁ። ሁለት ሴክሽን፣ 120 ገደማ ተማሪ። ማስተማር ስጀምር የሠራኋቸውን፣ አሁንም አዳዲስ ባልደረቦቼ ሲሠሯቸው የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ከሁሉም የከፋው ወረቀት ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር የአራት ሳምንት አሳይመንት ተቀብዬ ሳላርም ቆየሁ። የመለስኩት ከሚድ (ከሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) በኋላ ነው። አንዲት ተማሪ ገና በሁለተኛው ሳምንት የሳይን 3ኤክስን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን 3ኤክስ ብላ ጽፋለች። ፊት መምጣት የነበረበትን 3 ረስታለች። በሦስተኛውም በአራተኛውም ሳምንት ያው ነው። ሚድ ላይም ደገመችው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀይ መስመር አስምሬላት ቢሆን ቼይን ሩል (በፈንክሽን ውስጥ ያለ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ የሚወጣበት ደንብ) እዚያው ይገባት ነበር። ወረቀቷን ስትቀበል «ቲቸር፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ...» ብላ ዝም አለች። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

120 ወረቀት በየሳምንቱ ማረም ግን ከባድ ነው። አምስት አምስት ጥያቄ ቢኖር 600 መልስ ይሆናል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 10 ሰዓት። ስለዚህ ሁሉንም ለማረም አትሞክሩ። እኔ ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ በደንብ አያለሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ተማሪው አስቀድሞ አያውቅም። አራት ሰዓት ይበቃኛል። የቀሩትን ሦስት ጥያቄዎች ሙሉ አሠራር በማስረከቢያው ማግስት በሴክሽኑ ቴሌግራም እለቃለሁ። ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ ሪፑ (የሴክሽኑ ተወካይ) ፎቶ ኮፒ ቤት ያስቀምጣል። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ቀን መንገር ግድ ነው፤ አለዚያ ተማሪዎቹ ቅር ይሰኛሉ።

ጥያቄ ማብዛትም አለ። 20 እና 30 ጥያቄ የሚሰጥ መምህር አውቃለሁ። እስቲ እናስላው። 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪው የሥራ ጫና በሰዓት የሚለካበት የኮርስ ክብደት) ያለው ኮርስ፣ አንዱ በ27 ሰዓት ሲታሰብ፣ በሴሚስተር 135 ሰዓት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሌክቸርና ቱቶሪያል አምስቱን ከወሰዱ፣ ለማንበብም ለቤት ሥራም የሚተርፈው ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ልጁ ደግሞ ሌሎች ኮርሶች አሉበት። እኔ ጥያቄዎቹን ራሴ ሠርቼ ሰዓት እይዛለሁ። 20 ደቂቃ ከፈጀብኝ ለእነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው።

መልሱን ብቻ አይቶ ነጥብ መስጠትም አይሆንም። የብዙ ጥያቄዎች መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ አለ። ከ5 ነጥብ 4ቱን ለአሠራሩ ስጡ።

የግሩፕ ወርክ ነገር ያሳዝነኛል። ሰባት ልጅ፣ አንድ ወረቀት። አንዱ ሲሠራ ያድራል፣ ስድስቱ ስም ያስገባሉ። ሁሉም 10 ከ10። የለፋው ልጅ ሆዱ ይሻክራል፣ ያልሠሩት ፋይናል ላይ ይወድቃሉ። ዶርም ውስጥ ተሰብስቦ መከራከር ግን ትልቅ ትምህርት ነው፤ አልከለክልም። አብራችሁ ተወያዩ፣ ለየብቻ ጻፉ እላለሁ። ቱቶሪያል ላይ አንዱን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ «ይህን መስመር እስቲ አስረዳን» እለዋለሁ።

ተከታታይ ምዘናው 50፣ ፋይናሉ 50 በሆነ ኮርስ ለቤት ሥራ ብቻ 20 እና 30 ሲሰጥ አይቻለሁ። ማርኩ ሲከብድ ኮፒ ይበዛል። እኔ 10 ላይ አቁሜዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ሥራው አንድ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሬ የ15 ደቂቃ ኩዊዝ አደርገዋለሁ። ራሱ የሠራው እዚህ ላይ ይለያል። ከሳምንታቱ ዝቅተኛውን አንድ ውጤት አልቆጥረውም፤ የታመመም ሐዘን የደረሰበትም ልጅ ማስረጃ ይዞ ቢሮዬ በር ላይ እንዳይቆም።

የአምናውን ወርክሺት እንዳለ መስጠትም ይቅር። ሲኒየሮች ከነአሠራሩ ያወርሷቸዋል።

የመጨረሻው ውጤትን እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ ይዞ መቆየት ነው። ከ120 ሰው መሀል የአንዱን ማርክ ለሌላው መመዝገብ ያጋጥማል። እኔ በየሳምንቱ ያለ ስም፣ በአይዲ ቁጥር ብቻ እለጥፋለሁ። ቅሬታ ያለው በሦስት ቀን ውስጥ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ግሬድ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ አንዲት ቁጥር ማስተካከል ደብዳቤ፣ ፊርማና ምልልስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወረቀቱ በልጁ እጅ ላይኖር ይችላል።