ቡሌ እንዴት ይቀቀላል? ሁለት ቫይረስ አንድ አሳማ ውስጥ እንዳይገናኝ

በሰበታና በሱሉልታ ዙሪያ አሳማ ለሚያረባ ሰው ከአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚመጣ ቡሌ (የተራረፈ ምግብ) ርካሽ መኖ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ቡሌ አብዛኛው እንጀራና ወጥ ነው። የውጭ እንግዳ የሚበዛበት ሆቴል ግን ቤከንና ቋሊማ ይጨምርበታል፤ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ቫይረስ ደግሞ ጨው በገባበት ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ሴል ውስጥ ከገባ፣ ሲባዙ ዘረመላቸው ሊቀያየጥ ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከቻይና ይፋ የሆነው የዚሁ በሽታ ቫይረስ የዓይነት 1 እና የዓይነት 2 ቅይጥ ነበር። በኢትዮጵያ አሳማዎች ላይ የተገኘው ደግሞ ዓይነት 23 ነው። ከሩቅ የመጣው ከእዚህኛው ጋር የሚገናኝበት አጭሩ መንገድ ያልበሰለ ቡሌ ነው።

መጀመሪያ ፌስታሉን፣ ስቴኪኒውንና አጥንቱን ልቀሙ። ወፍራም ሥጋ ካለ ክተፉት፤ ዳሩ በስሎ መሃሉ ጥሬ የሚቀረው እሱ ነው።

በርሜሉን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙሉ፤ ለሁለት ባልዲ ቡሌ አንድ ባልዲ ውሃ ጨምሩ። ውሃ ካነሰው ሽሮና እንጀራው ታች ያርራል፣ ላዩ ለብ ብሎ ይቀራል።

የሚፈለገው ሳያቋርጡ እያማሰሉ 90 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ነው። ችግሩ ከፍታችን ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ወደ 91 ይወርዳል። ስለዚህ እሳቱ ትንሽ ከቀዘቀዘ ከ90 በታች ናችሁ። እንፋሎት ስለወጣ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ወፍራም ቡሌ አንድ ጥግ ሲንተከተክ ሌላው ጥግ ገና ለብ ያለ ነው። ዳር እስከ ዳር ሲንተከተክ ጀምሩ፣ መሃል ላይ እንጨት አልቆ ከበረደ እንደገና ከዜሮ ቁጠሩ። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ከግምት ይሻላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ደረቅ ግንዱን አንድዱ።

ጥሬ ቡሌ የመጣበት ባልዲ የበሰለውን እንዳይነካ። የአንድ ሰዓት ድካም በአንድ ጭልፋ ጥሬ ቡሌ ከንቱ ይቀራል። ቡሌ ጨው ስለሚበዛበት ንጹሕ ውሃ ከጎኑ አይጥፋ፤ ውሃ ያጣ አሳማ በጨው ይመረዛል።

አዲስ የተገዛ አሳማ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ ከሌሎቹ በኋላ ይመገብ፣ እሱ ጋ ስትገቡ ብቻ የምታደርጉት ቦቲ ይኑር። ቦቲው መጀመሪያ በብሩሽ ይታጠብ፤ ፋንድያ ያለበት ላይ በረኪና ዋጋ የለውም። ከዚያ 5 በመቶ የሚል በረኪና አንድ ሊትር ከ9 ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ 30 ደቂቃ ንከሩት። ሕያው ክትባት ከሁለት አምራች አታደባልቁ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ የተሰራጨው የፒአርአርኤስ (የአሳማ የመራቢያና የመተንፈሻ አካላት በሽታ) ቫይረስ የሁለት ክትባቶች ቅይጥ ነበር።

አሳማ በድንገት ከሞተ አታርዱት፣ ለውሻም አትጣሉት። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ ጣፊያው በበረዶ ተይዞ ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።