መልስ ከመላካችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ
ሜሴጅ ልካችሁለት አይቶ ዝም ያላችሁ ሰው ካለ ጭንቅላታችሁ ወዲያው "ንቆኛል" ይላችኋል አይደል? እሱ ግን ሀሳብ ነው እንጂ የሆነው ነገር አይደለም፣ የሆነው አለመመለሱ ብቻ ነው። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ታካሚዎቹን ሲያይ እንዲህ ሳንጠራቸው ዱብ የሚሉ ሀሳቦች ስሜታችንን እንደሚመሩት አስተዋለና ህክምናውን እዛ ላይ ገነባ፣ ዛሬም በብዙ አገር ይሰራበታል።

እና እባካችሁ ስትናደዱ ስልካችሁ ኖት ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፣ አንዱ ላይ ካሜራ ቢኖር የሚቀርጸውን ነገር ብቻ፣ ሌላው ላይ እናንተ የሰጣችሁትን ትርጉም፣ ከዛ ሌላ ምን ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብላችሁ አንድ ጨምሩ (ስራ በዝቶበት፣ አሞት፣ የሚለው ጠፍቶት ሊሆን ይችላል)። "ንቆኛል" ብላችሁ ካኮረፋችሁ እሱም ይርቃችኋል፣ ያኔ ሀሳባችሁ እውነት የነበረ ይመስላችኋል፣ ስንት ወዳጅነት እንዲህ ያልቃል።

ይሄ ግን የሚጎዳችሁን ሰው ቻሉት ማለት አይደለም! የመጀመሪያው መስመር ራሱ ስድብ ወይ ዱላ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት፣ ራቁ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።