አዲስ ድመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐኪም ከመወሰዷ በፊት

ድመት አሳዳጊዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት ሐኪሙ ዘንድ ሳይሆን እንስሳዋን ሳጥን ውስጥ ለማስገባት ሲታገሉ ስለሆነ፣ ዝግጅቱ ከቀጠሮው ቀናት ቀደም ብሎ ሊጀመር ይገባል። ማጓጓዣ ሳጥኑን በሩን ከፍተው ድመቷ በምታዘወትርበት ክፍል ያስቀምጡት፤ የምትተኛበትን ጨርቅ ያንጥፉበት፣ አልፎ አልፎም ምግቧን በውስጡ ያቅርቡላት። በፈቃዷ መግባት ስትጀምር በሩን ለአጭር ጊዜ እየዘጉ ያለማምዷት። የፕላስቲክ ሳጥን ካልተገኘ ጠንካራና አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ያሉት ካርቶን ለአንድ ጉዞ ያገለግላል። ድመትን አቅፎ ታክሲ መሳፈር ግን፣ የቱንም ያህል ለማዳ ብትመስል፣ አይመከርም፤ በጡሩምባ ድምፅ ደንግጣ ካመለጠች አዲሱን ቤቷን ገና ስላልለመደች መመለሻው ይጠፋባታል።

ከቀድሞ አሳዳጊዋ ዕድሜዋን፣ የተሰጣትን ክትባትና የትል መድኃኒት ይጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአብዛኛው ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በሽታው በኢትዮጵያ ዛሬም ስላለና ድመትም ሰውን ነክሳ ልታስተላልፈው ስለምትችል፣ ከቤት አትወጣም ብሎ መተው አይገባም። በዕለቱ የወጣ ዓይነ ምድሯን ክዳን ባለው ዕቃ ይዞ መሄድ የአንጀት ትልን ለመመርመር ይረዳል።

ቁንጫ ቢያዩባት እንኳ ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አይቀቧት፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይመርዛል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ሊገድላት ይችላል። በመንገድ ላይ ሳጥኑን በነጠላ ወይም በፎጣ ይሸፍኑት፤ ሲደርሱም ከውሾች አርቀው፣ ከወለሉ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።