ኦዲሽን ላይ ፒያኒስቱን አትርሱት

ለሙዚቃዊ ቴአትር ኦዲሽን (ተዋናይ መምረጫ ፈተና) የምትዘጋጁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ድምፁን ሲያሟሽ ይከርምና ኖታውን ይረሳል። ፒያኖ የሚጫወትላችሁ ሰው ግን ዘፈኑን ገና እዚያው ሊያየው ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከዘፈኑ 16 ወይም 32 ባር ብቻ ነው (ባር ማለት ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚከፈለው አጭር ክፍል ነው)። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በደማቁ አስምሩበት። የሚዘለል ቦታ ካለ በነጭ ወረቀት ሸፍኑት። ገጾቹን በክላሰር ያዙ፤ የተበተነ ወረቀት ዘፈን መሀል መሬት ሲወርድ አስቡት። የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ውስጥም አትክተቱ፤ መብራት ሲያርፍበት አይነበብም። ኖታው ደግሞ እናንተ በምትዘፍኑበት ኪይ (የድምፅ ከፍታ) የተጻፈ ይሁን። "ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ" ብሎ እዚያው መጠየቅ ግፍ ነው!

ፍጥነቱን ለመንገር ጣታችሁን አታጩሁበት። ትእዛዝ ይመስላል፣ ደስ አይልም። ጠጋ ብላችሁ አንድ ሁለት ስንኝ በለሆሳስ አንጎራጉሩለት፣ በቃ። ከፈጠነባችሁም ዞራችሁ አታፍጡበት። በምትፈልጉት ፍጥነት ረጋ ብላችሁ ቀጥሉ፤ ጎበዝ ፒያኒስት ይከተላችኋል።

ትወናው ላይ፣ የመራጮቹን ዐይን እያያችሁ አትተውኑ፤ ብዙዎቹ ማስታወሻ መጻፍ ስለሚፈልጉ ይጨነቃሉ። ከጭንቅላታቸው ትንሽ ከፍ ያለች ነጥብ ምረጡ። "እስኪ በሌላ ስሜት ሞክሩት" ከተባላችሁ አትደንግጡ። መጥፎ ነበር ማለት ላይሆን ይችላል፤ አስተያየት ተቀብላችሁ መለወጥ መቻላችሁን እያዩ ይሆናል። ስለዚህ ለውጡ በደንብ ይታይ፣ አትቆጥቡ።

ስትወጡ ፒያኒስቱን አመስግኑት። ኖታችሁንም እዚያው ረስታችሁ እንዳትሄዱ።