ሩድቤኪያ ሲታመም፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሩድቤኪያ ጥቁር ቡናማ እምብርቱን በቢጫ የአበባ ቅጠሎች ከብቦ የሚያብብ፣ መነሻው ሰሜን አሜሪካ የሆነ የአትክልት ስፍራ አበባ ነው። ጠንካራነቱ አስቀድሞ ስለሚነገርለት ቅጠሉ ጠቁሮ ሲገኝ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ማዳበሪያ ይጨምራል ወይም መድኃኒት ይረጫል። ከሁለቱም በፊት ምልክቱ ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደጀመረ ልብ ይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤውን የሚጠቁመው እሱ ነው።

ከታችኞቹ ቅጠሎች የሚነሳ ጥቁር ነጠብጣብ

ከሁሉ የተለመደው ችግር ይህ ነው። ሲጀምር ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ጥቁር ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ፤ እያደር ይገጣጠሙና ቅጠሉ ከግርጌ ወደ ላይ እየደረቀ ይሄዳል። ጥፋተኛው ሴፕቶሪያ የተባለ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ካለፈው ወቅት በቀሩ የታመሙ ቅጠሎች ላይ ይከርማል፤ የዝናብ ወይም የማጠጫ ጠብታ መሬት መትቶ ሲፈናጠር ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘውን፣ የታችኛውን ቅጠል ይይዛል። በአሜሪካ የቋሚ ተክሎች ማኅበር በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓመቱ ተክል ተብሎ የተመረጠው ዝነኛው የሩድቤኪያ ዝርያ «ጎልድስተርም» እንኳ ለዚህ በሽታ በቀላሉ ይጋለጣል።

የታመሙትን ቅጠሎች ቆርጠው ከአትክልቱ ያርቁ፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣሉ። ውሃውን ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ ያጠጡ። በተክሎቹ መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ አፈሩንም በጉዝጓዝ ይሸፍኑ። መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ የሚጠቅመው ገና ላልተያዘው ቅጠል ነው፤ የጠቆረውን አረንጓዴ አያደርገውም። በእኔ እይታ ለጥቂት ነጠብጣብ ሲባል መርጨት አያስፈልግም፤ በሽታው መልክ ያበላሻል እንጂ ተክሉን የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው።

በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት

ይህም ፈንገስ ነው፤ ጥላና የታፈነ አየር ይመቸዋል። መጠጋጋቱን ያሳሱ፤ ፀሐይ ወዳለበት ቦታም ያዛውሩ።

ቅጠል ብቻ፣ አበባ የለም

መጀመሪያ ፀሐይ ይቁጠሩ፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ብርሃን ይፈልጋል። ፀሐይ ከበቃው ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይጠረጠራል፤ ቅጠሉን ያወፍራል፣ አገዳውን አለስልሶ ያጋድማል፣ እምቡጡን ግን ያስቀራል። ማዳበሪያውን ያቁሙ። ከዘር የበቀለ ቋሚ ዝርያ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ቢያወጣ አያሳስብም። መሐሉ ባዶ ሆኖ ዳር ዳሩ ብቻ የሚያብብ የቆየ ቁጥቋጦ ደግሞ ተነቅሎ መከፋፈል አለበት፤ በየሦስት ወይም አራት ዓመቱ ይህን ማድረግ ይበቃል።

መጠውለግ

በቀትር ጠውልጎ ማታ ከቀና ሙቀት ነው፤ ይተዉት። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኙት ጣትዎን ወደ አፈሩ ይስደዱ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ በደንብ ያጠጡ። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ተጨማሪ ውሃ ሞቱን ያፋጥነዋል። ነቅለው የጠቆረውን ሥር ይቁረጡና ውሃ በማይቋጥር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉት።

አረንጓዴ፣ የተጣመመ አበባ

የአበባ ቅጠሎቹ ቢጫ መሆን ሲገባቸው አረንጓዴ ከሆኑ፣ ከእምብርቱም ትንንሽ ቅጠሎች ከበቀሉ ፋይቶፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ መሰል ተሕዋስ ሳይገባበት አይቀርም። ከተክል ወደ ተክል የሚያጋቡት የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ፣ ሲነኩ የሚዘሉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። መድኃኒት የለውም። ማዘን ሳያበዙ ከነሥሩ ነቅለው ያስወግዱት፤ መግረዝ አያድነውም፣ ባለበት ቢቆይም ለጎረቤቶቹ ምንጭ ይሆናል።

በሚቀጥለው ዓመት ጠፋ

ይህ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ቅጠሉ ሸካራና ፀጉራም የሆነው ሩድቤኪያ ሂርታ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ወይም ሁለት ዓመት በኋላ ያበቃለታል። ዘላቂው ሩድቤኪያ ፉልጊዳ ግን ከመሬት ሥር እየተዛመተ ለዓመታት ይቆያል። ሂርታን ለማስቀጠል የጠወለጉትን አበቦች በሙሉ አይቁረጡ፤ በወቅቱ መጨረሻ ጥቂቶቹ ደርቀው ዘራቸውን እንዲያራግፉ ይተዉላቸው።