ለአካል ጉዳተኛ ልጅዎ በደሴ ትምህርት ቤት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ለማስመዝገብ የሚዘጋጅ ወላጅ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሐኪም ወረቀት ነው። ወረቀቱ ይጠቅማል፤ መምህሩን ይበልጥ የሚያግዘው ግን ልጁ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚቸግረው በግልጽ መታወቁ ነው። ስለዚህ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ልጅዎን ለጥቂት ቀናት ይከታተሉና ያዩትን በወረቀት ያስፍሩ። «ዓይኑ ደካማ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ከሦስት ሜትር በላይ ከራቀ የሰሌዳውን ፊደል አይለይም፤ ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ ደብተር ይገለብጣል፤ ሲመሽ ራሱን ያመዋል» ተብሎ ሲጻፍ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

በሕክምና ሊስተካከል የሚችለውንም ጎን ለጎን ያስመርምሩ፤ «አይታዘዝም» እየተባለ የሚቀጣ ልጅ ጆሮው የሚመግል ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ለዓይን ምርመራ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር፣ ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ደሴ በሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሊታይ ይችላል። የኮምቦልቻ ነዋሪዎችም ለዚሁ ወደ ደሴ መውጣታቸው አይቀርም። ቀጠሮው ራቀ ተብሎ ግን ምዝገባው መዘግየት የለበትም።

ጥያቄዎን በቃል ብቻ አያቅርቡ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀንና ቁጥር ያለበት የገቢ ማኅተም ያስመቱበት። «ልጁን አንቀበልም» የሚል መልስ ከመጣ ይህን ቅጂ ይዘው ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ይሂዱ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ስለሚደነግግ፣ ልጅዎን ማስተማር ትምህርት ቤቱ የሚውልልዎ ውለታ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሚጠየቀው ነገር ዝርዝር ነው፤ ብዙው ገንዘብ አይጠይቅምና። ደሴ ተዳፋት ከተማ በመሆኗ በአንዳንድ ግቢ ከበር እስከ ክፍል ደረጃ መውጣት ግድ ይላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። በክራንች የሚሄድ ልጅ ያለበት ሴክሽን ለበሩ ቅርብና ደረጃ ወደሌለው ክፍል እንዲዛወር ይጠይቁ፤ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውንም መንገድ ራስዎ በእግርዎ ሄደው ይዩት። የከንፈር እንቅስቃሴ እያየ የሚከታተል ልጅ መምህሩ መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ሲቆም ፊቱ ስለሚጨልምበት ምንም አያገኝም፤ መምህሩ ብርሃን ወዳለበት ዞሮ ቢናገር፣ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲጽፍም ከመናገር ቢቆጠብ ትልቅ ለውጥ ነው። የእይታ ችግር ያለበት ልጅ ሰሌዳው በማያንጸባርቅበት በኩል ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ።

የምልክት ቋንቋና ብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሑፍ) ግን በመቀመጫ ለውጥ የሚመለሱ አይደሉም፤ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋሉ። በሁሉም ትምህርት ቤት ስለማይገኙ፣ ልዩ ፍላጎት መምህርና የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከል በየትኛው ትምህርት ቤት እንዳለ ምዝገባ ሳይጀመር ከትምህርት መምሪያው ያጣሩ። ሰፈር ያለውን ትምህርት ቤት መምረጥ ደግ ነው፤ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው በሌለበት ክፍል መስማት የተሳነውን ልጅ ማስቀመጥ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ስሙን መዝገብ ላይ ከማስፈር አያልፍም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅለት ይጠይቁ። ዕቅዱ «ይሻሻላል» የሚል ሳይሆን «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ስሙን ሳያይ ይጽፋል» የሚል፣ ሊታይና ሊለካ የሚችል ግብ ይኑረው፤ እርስዎም ፈርመውበት አንድ ቅጂ ይውሰዱ።

የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ተጨማሪ ሰዓት፣ አንባቢ ወይም አስተርጓሚ የሚጠየቀው በምዝገባው ወቅት እንጂ በፈተናው ዕለት ጠዋት አይደለም። የጉዳቱ ዓይነትና የሚፈለገው ድጋፍ በቅጹ ላይ በትክክል መስፈሩን ቅጹ ከትምህርት ቤቱ ሳይወጣ ራስዎ አይተው ያረጋግጡ።