ሲዋታኔኾ ለምትሰፍሩ፦ ባሕሩ፣ ዓሣውና በዓላቱ

ሜክሲኮን አብዛኞቻችን የምናውቃት በመሸጋገሪያነት ነው። ከደቡብ ገብቶ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ሰው ስለ አገሩ የሚያስታውሰው አውቶቡስ፣ ሰልፍና ፍተሻ ብቻ ቢሆን አይፈረድበትም። ግን ወረቀት አግኝቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ወይም በኢንተርኔት የሚሠራ ሥራ ኖሮት እዚያው ለመኖር የሚወስንም አለ። ከእነዚህ መካከል ባሕር ዳር ለመኖር ለምታስቡ ስለ አንዲት ከተማ ልንገራችሁ፤ ሲዋታኔኾ ትባላለች። በጌሬሮ ክፍለ ግዛት፣ በፓሲፊክ ዳርቻ፣ ከአካፑልኮ ወደ ሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአንድ ክብ ወሽመጥ ዙሪያ የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነች። ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ኢስታፓ አለች፤ እሷ በ1970ዎቹ መንግሥት ለቱሪስት ብሎ ያቆማት የትላልቅ ሆቴሎች ሰፈር ናት። ሥራ ኢስታፓ ብታገኙ እንኳ ኑሯችሁን ሲዋታኔኾ አድርጉት እላለሁ። ጎረቤት የሚባል ነገር ያለው እዚያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀት። ከውጭ ቆንስላ የመኖሪያ ቪዛ ተመቶላችሁ የገባችሁ ከሆነ፣ በገባችሁ በ30 ቀን ውስጥ የአገሪቱ የስደት ጉዳይ ተቋም ዘንድ ቀርባችሁ በመኖሪያ ካርድ ማስለወጥ ግዴታ ነው። ኩርፕ የሚባለውን የመለያ ቁጥርም ቶሎ ያዙ፤ ሐኪም ቤትም ትምህርት ቤትም ባንክም የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ደግሞ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ጉዳያችሁ የተከፈተበትን ክፍለ ግዛት ሳይፈቀድላችሁ ለቅቃችሁ ብትሄዱ ጥያቄውን እንደተዋችሁት ሊቆጠር ይችላል። በደቡብ ድንበር ባለችው በታፓቹላ ከተማ ፋይል የከፈተ ሰው ጉዳዩ ሳያልቅ ባሕር ዳር ልኑር ብሎ መነሣት የለበትም። ባሕሩ የትም አይሄድም።

መንገድ ላይ ኩባዊ ነህ፣ ሃይቲያዊት ነሽ መባል አይቀርም። ከኮስታ ቺካ መጣችሁ ወይ የሚላችሁም ይኖራል፤ ከአካፑልኮ በታች ያለው ይህ የባሕር ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሜክሲኳውያን የሚኖሩበት ነው። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት በስም የጠቀሳቸው በ2019 ነው፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራም ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ራሱን በዚህ ማንነት አስመዝግቧል። ክፍለ ግዛቱ ስሙን ያገኘው ከቪሴንቴ ጌሬሮ ነው። የአፍሪካ ደም የነበረው የነፃነት ጦር መሪ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1829 ባርነትን ያስቀረ ሰው ነው። ስለዚህ ጥቁር ሰው ለዚህ ምድር ባዳ አይደለም። የራሳችሁንም ታሪክ ይዛችሁ ግቡ፦ ጣሊያን አገራችንን ስትይዝ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በሜክሲኮ ሲቲ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ አዲስ አበባም ሜክሲኮ አደባባይ አላት። ማሞ ወልዴ በ1968 ማራቶንን ያሸነፈው በዚያው በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ይህን ስትነግሯቸው ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ።

ከተማዋን በጠዋት እወቋት። ሌሊት ሲያጠምዱ ያደሩት ጀልባዎች ፓሴዮ ዴል ፔስካዶር ከተባለው የእግረኛ መንገድ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ወጥተው ዓሣቸውን ያራግፋሉ። ዓሣ የምትገዙት እዚያ ነው፤ ትኩስ ነው፣ ከአጥማጁም እጅ ትቀበላላችሁ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ብዌኖስ ዲያስ» በሉ። ሰላምታ ሳይሰጥ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው እዚያም እንደ እኛ አገር ነውረኛ ነው። ሽማግሌውን «ዶን»፣ ባልቴቷን «ዶኛ» ብላችሁ ከስማቸው ጋር ጥሩ። እሑድ ማታ ባሕሩ አጠገብ ያለችው የቅርጫት ኳስ ሜዳ የሕዝብ መድረክ ትሆናለች፤ ልጆች ይጨፍራሉ፣ አያቶች ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ሰው የሚለምዳችሁ እዚህ ቦታ ደጋግሞ ሲያያችሁ ነው።

ወደ ዓሣ ማጥመዱ ልግባ፤ ብዙዎቻችሁ ስለ ከተማዋ የምትሰሙት በዚህ ነው፣ እኔም የምወደው ይህንኑ ነው። ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ዓሣ ላላየ የሐይቅ አገር ሰው ይህ ባሕር ሌላ ዓለም ነው። ስመ ጥሩው ፔስ ቤላ ነው፤ አፉ ጦር፣ ጀርባው ላይ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ሰፊ ክንፍ ያለው፣ መንጠቆ ሲይዘው ከውሃው ዘሎ አየር ላይ የሚገለባበጥ ዓሣ። ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ወርቃማው ዶራዶ፣ ቢጫ ክንፉ ቱና፣ ማርሊን አሉ። ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ደግሞ በጀርባው ላይ ረጃጅም ዘንጎች የቆሙለት ፔስ ጋዮ አለ።

ጀልባው ፓንጋ ይባላል፤ ክፍት፣ ጠባብና ፈጣን ነው። በከተማው ወደብ ላይ ካፒቴኖቹን በቀጥታ ማነጋገር ይቻላል። ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለሰው ስላልሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ብትከፋፈሉት ይቀላል። ከመውጣታችሁ በፊት ነዳጅ፣ ማባበያ፣ በረዶና ፈቃድ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን በግልጽ ጠይቁ። ሰዓቱንም አጣሩ፦ ካፒቴኑ «ስድስት ሰዓት» ካለ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ብትመጡ ጀልባው የለም። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ግድም ያበቃል። ሥራቸውን አክብሩ፤ ለካፒቴኑና ለረዳቱ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው።

ሕጉ ቀላል አይደለም፤ ሳታውቁት አትውጡ። ከጀልባ ላይ ለማጥመድ እያንዳንዱ ሰው ኮናፔስካ ከተባለው የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት የግል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለቀን፣ ለሳምንት፣ ለወር ወይም ለዓመት ይሰጣል። ከባሕር ዳር ቆሞ ለሚያጠምድ አይጠየቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ዘንግ ብቻ ነው። በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አሥር ዓሣ ሲሆን ከአንድ ዓይነት ከአምስት አይበልጥም። እንደ ፔስ ቤላና ማርሊን ያሉት ጦር አፎች ግን አንድ ብቻ፣ ዶራዶና ፔስ ጋዮ ሁለት ሁለት ናቸው። ለመዝናናት ያጠመዳችሁትን መሸጥ ክልክል ነው። ይህ ሕግ አጥማጆቹን ይጠብቃል፤ እንጀራቸው ላይ አትግቡ። እንዲያውም ፔስ ቤላንና ማርሊንን ከዳርቻው እስከ 50 የባሕር ማይል ባለው ውሃ ውስጥ ለንግድ ማጥመድ የተከለከለው ለስፖርቱ ተብሎ ነው፤ ቱሪስት ይዞ የሚወጣው ካፒቴን የሚኖረው በሕይወት ባለ ዓሣ ነው።

ስለዚህ ፔስ ቤላ ሲያዝላችሁ ልቀቁት። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡ፣ ስታወርዱት ክሩን ጠቅልሉ፤ ሲዘል ዘንጉን ወደ እሱ ዝቅ አድርጋችሁ ክሩን አላሉለት፤ ክሩን ግን በጭራሽ በባዶ እጅ አትያዙ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ረዳቱ ጓንት አድርጎ ጦሩን ይይዛል፣ ካፒቴኑ ጀልባውን በዝግታ ወደ ፊት ይነዳል፤ ውሃ በስንጥቦቹ ሲያልፍ ዓሣው ነፍስ ይዘራል። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ጀልባው አታስወጡት፤ ፎቶው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይበልጥ ያምራል። ለምሳ ዶራዶ ወይም ቱና ውሰዱ፣ የተረፋችሁን ለጎረቤት አካፍሉ። ጎረቤት የምትይዙበት አንዱ መንገድ ነው።

ገንዘብ ያጠራቸው አይቅርባቸው። የሰፈሩ ልጆች ከወደቡ ድልድይ ላይ ያለ ዘንግ በእጅ ክር ያጠምዳሉ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ያስተምሯችኋል፣ ስፓኒሻችሁም እግረ መንገዱን ይሠራል።

ስለ ደኅንነት ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ላ ሮፓ የተባለው ዳርቻ በወሽመጡ ውስጥ ስለሆነ ይረጋጋል። ላስ ጋታስ በጀልባ የሚኬድበት ሲሆን ውሃው ውስጥ የተደረደረ የድንጋይ ግንብ ማዕበሉን ይሰብርለታል፤ ግንቡን የጥንቱ የታራስኮ ሕዝብ ንጉሥ ለመታጠቢያው አሠራው ይላሉ ያገሬው ሰዎች። ከወሽመጡ ውጭ ባሉት ክፍት ዳርቻዎች፣ ለምሳሌ በትሮንኮኔስ፣ ማዕበሉ ጎበዝ ዋናተኛንም ይጥላል። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ አትግቡ። ኢስታፓ አጠገብ ፕላያ ሊንዳ አዞ አለ፤ በአጥር የተከለለ መመልከቻ ስላለው ልጆች ይወዱታል፣ ከዚያ ውጭ ግን ወደ ወንዝ አፎችና ረግረጎች አትጠጉ። በጾም ቀን ሳትጠጡ ፓንጋ ላይ ፀሐይ እንዳይመታችሁ፤ ጾመኛ ከሆናችሁ ቀኑን ለውጡት። አገር አቋራጩን 200 ቁጥር መንገድ በቀን ብቻ ተጓዙበት፤ ጌሬሮ የታጠቁ ቡድኖች ያሉበት ክፍለ ግዛት ነው።

ምግብን በሚመለከት የከተማዋ መለያ ቲሪታስ ነው፦ ጥሬ ዓሣ በቀጭኑ ተከትፎ በሎሚ፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በኦሬጋኖ ተለውሶ ይቀርባል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የበላ ሰው ወዲያው ይስማማዋል። ሐሙስ የፖሶሌ ቀን ነው፤ የተፈለፈለ ትልልቅ በቆሎ በሥጋ የሚሠራ ወጥ ነው፣ በጌሬሮ አረንጓዴው ይወደዳል። ብዙ ጊዜ በአሳማ ይሠራልና «ዴ ፖዮ» ብላችሁ የዶሮውን ጠይቁ። ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የአሳማ ሞራ ነው፤ የቦሎቄው ጥብስና ታማሌስ የተባለው በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን አያየውም። «ቲዬኔ ማንቴካ?» ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት። ቡና ናፈቀኝ ለሚል አቶያክ የሚባለው የዚያው ዳርቻ ተራራማ ወረዳ ቡና አብቃይ ነው፤ ጥሬውን ፈልጋችሁ ቤታችሁ ቁሉት። ኮረሪማ ግን ከአገር ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

በዓላቱ ከእኛ ጋር የሚገጣጠሙበት ሁኔታ ደስ ይላል፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። እንቁጣጣሽ ካለፈ በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 15 በፈረንጆቹ፣ ሕዝቡ ማታ ተሰብስቦ ለነፃነቱ «ቪቫ ሜሂኮ» እያለ ይጮኻል፤ ሂዱና አብራችሁ ጩኹ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የሙታን ቀን ነው፤ ቤተሰቡ መቃብር አጽድቶ፣ ብርቱካናማ አበባ በትኖ፣ የሟቹን ተወዳጅ ምግብ አቅርቦ ያመሻል። በተዝካር ላደገ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ቢጋብዟችሁ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳትጠይቁ ግን ፎቶ አታንሡ። ታኅሣሥ 12 የጓዳሉፔ እመቤታችን ቀን ነው፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ይዘመራል፣ ሕፃናት የገበሬ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ከ16 እስከ 24 ባሉት ዘጠኝ ሌሊቶች ደግሞ ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ ሲለምኑ የሚያሳይ መዝሙር በየደጁ ይዘመራል፤ ፖሳዳ ይሉታል። በሩ ላይ ቆሞ መዘመር ብቻ በቂ ነው፣ ያስገቧችኋል።

ልብ የምትሉት ጥር 6ን ነው። የሰብአ ሰገል ቀናቸው ነው፤ በቅቤና በእንቁላል የተጋገረ የቀለበት ዳቦ ይቆረሳል፣ ውስጡ የተደበቀችው ትንሽ አሻንጉሊት የደረሰችው ሰው የካቲት 2 ላይ ለሁሉም ታማሌስ ያበላል። ለእኛ ያ ቀን የገና ዋዜማ፣ ጾም ነው። ቁራሻችሁን ተቀብላችሁ ለማግስቱ አስቀምጡና በጥር 7 እነሱን ለቡና ጥሩ። በከተማዋ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ገናችሁ የሚደምቀው በጎረቤት ነው። የአገር ቤት ዘመድ ጋር ለመደወል ልዩነቱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ያዙ፤ እነሱ ዘንድ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን እናንተ ዘንድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ግንቦት ላይ በፈረንጆቹ ዓለም አቀፉ የፔስ ቤላ ውድድር ይካሄዳል። ያኔ ከተማው በጀልባ ይሞላል፤ ሳትወዳደሩም ወደቡ ላይ ቆማችሁ ዓሣው ሲመዘን ማየት ትችላላችሁ። ሰኔ 1 የባሕር ኃይል ቀን ሲሆን፣ ባሕር ላይ ለቀሩ ሰዎች መታሰቢያ አበባ ውሃው ላይ ይጣላል።

ቤት ስትከራዩ ሁለት ነገር አስቡ። የሰሙነ ሕማማት ሳምንታቸው ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር የምትሞላበት ነው፤ የአጭር ጊዜ ኪራይ ስለሚወደድ አከራዩ ያንን ሳምንት እንዳያስለቅቃችሁ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። የእነሱ ፋሲካ ከእኛው ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ በ2026 ግን በአንድ ሳምንት ይቀድማል። ሁለተኛው ዝናብና ማዕበል ነው። የማዕበሉ ወቅት ከግንቦት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2023 አካፑልኮን የመታው ኦቲስ በአንድ ቀን ውስጥ ከተራ ማዕበልነት ወደ 5ኛው፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ ያደገ ነበር። ከወንዝና ከገደል ሥር ያለ ቤት ዋጋው ቢረክስም አትያዙ። ውሃ፣ ባትሪና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀታችሁን አንድ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ፤ የወደቡ አስተዳደር ወደቡን ዘግቻለሁ ካለ፣ ጀልባ የሚያከራያችሁ ሰው «ችግር የለም» ቢልም አትሳፈሩ።